ድንጋይ ውስጥ የተደበቀውን ማንቲስ ሽሪምፕ እንዴት እንዳወጣሁት

ማታ መብራት ሲጠፋ ከጨዋማ ውሃ አኳሪየሜ (የባሕር እንስሳት ከማኖርበት ገንዳ) «ጠቅ፣ ጠቅ» የሚል ድምፅ ይሰማ ነበር። ጠዋት ደግሞ አንድ ቀዳዳ አፍ ላይ የተሰባበረ የቀንድ አውጣ ዛጎል ተከምሮ አገኛለሁ። ትንንሾቹ ሸርጣኖችም ጠፉ።

ለገንዳው ከፍሎሪዳ በመጣው ድንጋይ ውስጥ ተደብቆ የገባ ማንቲስ ሽሪምፕ፣ ማለትም የሸርጣን ዘመድ የሆነ አዳኝ የባሕር እንስሳ ነበር። እነዚህ ፍጥረታት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ አንዱ ዓሣ ይወጋል፣ ሌላው ዛጎል ይሰብራል። የኔው ሰባሪው ነው። ትልቁ ዘመዱ ፒኮክ ማንቲስ ሲመታ ክንዱ በሰከንድ እስከ 23 ሜትር ይፈጥናል። ስለዚህ ባዶ እጅ ማስገባት አይታሰብም።

ወጥመድ አስቀመጥኩ፤ ዝር አላለም። የሠራልኝ ይሄ ነው፦ ማታ በቀይ የእጅ ባትሪ ቀዳዳውን ለየሁ። ወፍራም ጓንት አድርጌ ድንጋዩን አወጣሁና የአኳሪየሙን ውሃ በያዘ ባልዲ ላይ ያዝኩት። ከዚያ ጣዕም ያልተጨመረበት ጋዝ ያለው ውሃ በስሪንጅ ቀዳዳው ውስጥ ረጨሁ። ወዲያው ተስፈንጥሮ ባልዲው ውስጥ ወደቀ። ኮራል (ድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚኖር የባሕር እንስሳ) ላይ እንዳይፈስ ግን ተጠንቀቁ፣ ይጎዳዋል። ድንጋዩን በጨው ውሃ አለቅልቄ መለስኩት።

ልገድለው ፈጽሞ አልፈለግኩም። የሰው ዓይን ቀለም የሚለየው በ3 ዓይነት ሴሎች ነው፤ ብዙዎቹ ማንቲስ ሽሪምፖች ግን 12 አላቸው። እንዲህ ያለ ፍጡር እንዴት ይጣላል? አሁን ክዳን ባለው ትንሽ የአክሪሊክ (ጠንካራ ፕላስቲክ) ገንዳ ውስጥ ብቻውን ይኖራል። መደበቂያ ቱቦና የድንጋይ ስብርባሪ አለው። ትልቁ ገንዳ ውስጥ አዲስ ቀንድ አውጣዎች አስገብቻለሁ፤ እስካሁን አንድም አልጎደለም።