ሞዲፋይ የተደረገ መኪና ጥልቅ ውሃ ሲሻገር ሞተሩን ከጉዳት የመጠበቂያ መንገድ

ክረምት በገባ ቁጥር በሰሜን ሸዋ ጋራዦች ደጃፍ ላይ ሞተራቸው ውሃ የጠጣ መኪኖች በገመድ ተጎትተው ይቆማሉ። እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹን የሚያመሳስላቸው ነገር ቢኖር፣ መኪናው ከፋብሪካ እንደወጣ አለመሆኑና አሽከርካሪው ከመግባቱ በፊት የውሃውን ጥልቀት በጎማው ቁመት መገመቱ ነው። የጎማ ቁመት ግን ስለ ሞተሩ ደኅንነት የሚነግረን ነገር እጅግ ትንሽ ነው። መለካት ያለበት ሞተሩ አየር የሚስብበት አፍ ከመሬት ያለው ከፍታ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት 1.3 ሊትር የሆነ ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር እንውሰድ። የእያንዳንዱ ሲሊንደር ይዘት 325 ሚሊ ሊትር ሲሆን፣ የመጭመቅ ምጣኔው 10 ለ 1 ከሆነ (ማለትም አየሩ ወደ አንድ አሥረኛው ከተጨመቀ)፣ በሲሊንደሩ ውስጥ ወደ ላይና ወደ ታች የሚመላለሰው ፒስተን ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ከቴስታታው (ከሲሊንደሮቹ ክዳን) ሥር የሚቀረው ባዶ ቦታ 36 ሚሊ ሊትር ገደማ ብቻ ነው፤ በቡና ሲኒ ቢሰፈር ግማሽ ሲኒ ቢሞላ ነው። አየር ሲጨመቅ ይታመቃል፣ ውሃ ግን አይታመቅም። ስለዚህ ከዚህች ግማሽ ሲኒ የበለጠ ውሃ በገባበት ሲሊንደር ውስጥ ፒስተኑ መውጫ አጥቶ ይቆማል፤ የሌሎቹ ሲሊንደሮች ጉልበትና የቮላኖው (የከባዱ መዘውር) ክብደት ግን ኮሎውን (የሞተሩን ዋና ዘንግ) ማዞራቸውን ስለማይተዉ፣ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያገናኘውና በመካከል የተያዘው ቢዬላ ይታጠፋል፤ ፍጥነቱ ከፍ ያለ ከሆነም ተሰብሮ የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ይወጣል። የናፍጣ ሞተር ምጣኔው ከፍ ያለ በመሆኑ ነገሩ ይብስበታል፤ 2.5 ሊትር ሆኖ ምጣኔው 18 ለ 1 የሆነ ሞተር ሲሊንደሩ ሁለት እጥፍ ገደማ ቢሆንም የሚተርፈው ቦታ ያው 37 ሚሊ ሊትር ነው። የመሳቡ ኃይልም ቀላል አይደለም፤ ያ ትንሽ የቤንዚን ሞተር በደቂቃ 2,000 ጊዜ ሲዞር እስከ 1,300 ሊትር፣ ማለትም ስድስት በርሜል ተኩል አየር በደቂቃ ይስባል፤ አፉ ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ በአየሩ ፈንታ ውሃውን ይስባል።

በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ያሉ ወጣቶች የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አውልቀው ክፍት የሆነውን የሾጣጣ ቅርጽ ማጣሪያ የሚያስገቡት «መኪናው ይተንፍስ» በሚል ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝና አየሩ በሩብ ያህል ስለሚሳሳ መኪናው ዳገት ላይ እንደሚደክም እውነት ነው፤ ሆኖም የሳሳውን አየር የትኛውም ማጣሪያ ሊያወፍረው አይችልም። ጉዳቱ ግን ተጨባጭ ነው። ፋብሪካው የአየሩን አፍ በአብዛኛው ከፊት መብራቱ ጀርባ ከፍ አድርጎ ያስቀምጠዋል፤ አዲሱ ማጣሪያ ግን ቀዝቃዛ አየር ፍለጋ ብዙ ጊዜ ከፓራፋንጎው (ከጎማው መከለያ) ውስጥ ወይም ከባምፐሩ ኋላ፣ ከጎማው መሐል ብዙም በማይርቅ ቦታ ይንጠለጠላል። በዚህ ላይ ሞላው ተቆርጦ መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ከተደረገ ቀድሞ ያለ ችግር ይታለፍ የነበረ ኩሬ ሞተር የሚሰብር ይሆናል። ከፍ የተደረጉ ፒካፖችም ቢሆኑ ከስጋት ነጻ አይደሉም። እስከ ጣሪያ የሚደርስ የአየር ቱቦ የተገጠመላቸው ባለቤቶች የቱቦው ጫፍ ከፍ ማለቱን ብቻ አይተው ይተማመናሉ፤ ቱቦው ከማጣሪያው ሳጥን ጋር የሚገናኝበት መጋጠሚያ በደንብ ካልታሸገ ግን ሞተሩ ውሃውን የሚስበው በዚያው በታችኛው ክፍተት ነው።

ስለዚህ መኪናውን በደረቅ ቀን ሜዳ ላይ ያቁሙና ኮፈኑን ከፍተው የአየሩን ቱቦ ከሞተሩ ጀምረው እስከ መጨረሻው አፍ ድረስ በእጅዎ ይከተሉት። ከዚያ አፍ ታችኛ ከንፈር እስከ መሬት ያለውን በሜትር ይለኩ፤ በመንገዱ ላይ ያልታሸገ መጋጠሚያ ካገኙ ደግሞ የሚለካው እሱ ነው። መኪና ውሃ ውስጥ ሲሄድ ከፊቱ ማዕበል ስለሚገፋና የወንዝ ወለል ጉድጓድ ስለማያጣ፣ ካገኙት ቁጥር ላይ ቢያንስ 20 ሳንቲ ሜትር እንዲቀንሱ እመክራለሁ። አፉ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ከሆነ ወሰንዎ 40 ነው፤ 30 ላይ ከሆነ ግን ያ መኪና ከአስፋልት ኩሬ በቀር ውሃ አይነካም ማለት ነው። ወሰኑን በሚታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በሩ ላይ በትንሽ ቀለም ማመልከት ይጠቅማል።

ወንዙን ማንበብ ሌላ ሙያ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ በሸዋ ሮቢትና በቀወት ቆላ የሚያጋጥመው ትልቁ አደጋ ደራሽ ውሃ ነው፤ በቆላው ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ እየወጣች፣ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብ ሰዓት ቆጥሮ ይደርሳል። ውሃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ጭራሮና ገለባ ተሸክሞ መምጣት ከጀመረ ወይም ከላይ የሚጎተት የድንጋይ ድምፅ ከተሰማ፣ ጥልቀቱ ገና ከወሰንዎ በታች ቢሆንም አይግቡ። በሚፈስ ውሃ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ትንሽ መኪናን ሊያንሳፍፍ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ደግሞ አብዛኛውን መኪና ጠርጎ ሊወስድ ይችላል፤ እዚህ ላይ የሚያሳስበው ሞተር ሳይሆን ነፍስ ነው። እንዲህ ያለው ጎርፍ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ስለሚጎድል፣ ዳር ላይ ሻይ እየጠጡ መጠበቅ ከሁሉም ይረክሳል። የአካባቢውን እረኛ መጠየቅም ነውር የለውም፤ ጉድጓዱ የት እንዳለ ከማንም በላይ እሱ ያውቃል።

ከረጅሙ ቁልቁለት ወርደው ወዲያው ውሃ ውስጥ አይግቡ። ፍሬኑና ዲፈረንሻሉ (ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያከፋፍለው የጥርስ ሳጥን) ግለዋል፤ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኝ በውስጡ ያለው አየር በድንገት ስለሚኮማተር ውሃውን በትንፋሽ ቀዳዳውና በዘይት መከላከያ ጎማዎቹ በኩል ወደ ውስጥ ይስበዋል። ጥቂት አርፈው ሲገቡ ኤሲውን ያጥፉ፤ ቬንትሌተሩ ውሃ ውስጥ እየተሽከረከረ ምላሱ ወደ ራዲያተሩ እንዳይታጠፍ ያግዛል። በአንደኛ ማርሽ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ነዳጁን ሳያቋርጡና ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ይሂዱ። ከፊት ለፊት አይሱዙ እየመጣ ከሆነ እስኪያልፍ ይጠብቁ፤ እሱ የሚገፋው ማዕበል ወሰንዎን በአንድ ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሰው ውሃ በማርሚታው (በጭስ ማውጫው) ይገባል ብሎ ይሰጋል፤ ሞተሩ እየሠራ እስካለ ድረስ ግን ጭሱ ውሃውን መልሶ ይገፋዋል።

ሞተሩ ውሃ መሐል ከጠፋ ቁልፉን ያጥፉ እንጂ ደግመው አያስነሱ። አንድ ዓመት ነሐሴ ውስጥ ዝቅ የተደረገ ቪትዝ ውሃ መሐል ቆሞበት የጠራኝ ወጣት ነበር። በስልክ «እንዳታስነሳው፣ እየገፋችሁ አውጡት» ብዬው ነበር። ስደርስ ግን «ጋሼ፣ ባትሪው ደክሞ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ሞከርኩት፤ ቋ ብሎ ቀረ» አለኝ። ሞተሩ ሲፈታ የሦስተኛው ሲሊንደር ቢዬላ በዓይን ሲታይ ደህና ይመስል ነበር፤ ከሌሎቹ ሦስቱ ጋር መስታወት ላይ ስናስተኛው ግን በሥሩ ብርሃን አሳለፈ።

መኪናው በግፊት ከወጣ በኋላ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይንቀሉና የአየር ማጣሪያውን ይመልከቱ። ማጣሪያውም ከሱ ቀጥሎ ያለው ቱቦም ደረቅ ከሆኑ ሞተሩ የጠፋው በኤሌክትሪክ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ከርጥብ ማጣሪያ ኋላ ቱቦው ውስጥ ውሃ ካለ ግን ውሃ ሲሊንደር ውስጥ እንደገባ ቆጥረው ይቀጥሉ። የዘይት መለኪያውን ይሳቡ፤ ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ከነጣ እስኪቀየር ድረስ ሞተሩ መሥራት የለበትም። ከዚያ ካንዴላዎቹን (በየሲሊንደሩ እሳት የሚሰጡትን) ሁሉ ይፍቱ፤ በናፍጣ ሞተር ካንዴሌታዎቹን ወይም ኖዝሎቹን መፍታት የመካኒክ ሥራ ነው። የኮሎውን ፑሊ በመፍቻ በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዙረው ካልያዘ፣ የነዳጁንና የእሳቱን መስመር አቋርጠው ባትሪውን ይመልሱና በሞተሪኖ (በሞተር ማስነሻው) ለጥቂት ሴኮንዶች ያዙሩት። ውሃው ከቀዳዳዎቹ ተስፈንጥሮ ስለሚወጣ ማንም ፊቱን አጠገባቸው እንዳያደርግ። ሲሊንደሮቹ ዝገት እንዳይዛቸው በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ጠብ አድርገው እንደገና ያዙሩ፤ ዘይቱንና የዘይት ፊልትሮውን ቀይረው ያስነሱ፤ ጥቂት ከሠራ በኋላም ዘይቱን አንድ ጊዜ ይድገሙት። የዲፈረንሻልና የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይትም አብሮ መታየት አለበት።

ተነሣ ማለት ግን ዳነ ማለት አይደለም። በትንሹ የታጠፈ ቢዬላ ለሳምንታት ሠርቶ አንድ ቀን ዳገት ላይ ሊበጠስ ይችላልና፣ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የመጭመቅ አቅም ማስለካት ያስፈልጋል፤ አንዱ ከሌሎቹ በግልጽ ካነሰ ፒስተኑ ወደ ቀድሞ ከፍታው አልደረሰም ብሎ መጠርጠር ይገባል። መለኪያው በማይገኝበት ቦታ ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብቶ ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ምልክት በማድረግ አራቱን ማወዳደር ይቻላል፤ የአንዱ ምልክት በሚሊ ሜትር እንኳ ዝቅ ካለ ቴስታታው ይነሣ።

የዚያ ወጣት ቪትዝ አንድ ቢዬላና ጓርኒሲዮን ተቀይሮለት ሠራ። ዋናው የማጣሪያ ሳጥን እናቱ ቤት ሽንኩርት ተቀምጦበት ተገኘ፤ አጥበን ስንገጥመው የአየሩ አፍ ከመሬት 66 ሳንቲ ሜትር ላይ ዋለ።