ፈጣን የቤት ኮምፒውተር ለመገጣጠም ዕቃዎችን እንዴት እንመርጣለን?

ኮምፒውተሩን በራሱ የሚገጣጥም ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ብሎን ሲያጠብቅ አይደለም፤ ገና ዕቃ ሲመርጥ ነው። እያንዳንዱ ዕቃ ለብቻው ሲታይ ምርጥ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን አንዱ ሌላውን ወደኋላ ይጎትታል፣ ወይም ጭራሹኑ አይገጥሙም። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የመወሰኛ እንጂ የመግዣ አይደለም። ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ሶኬቱ (ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ የሚቀመጥበት ቦታ)፣ ሚሊሜትሩና ዋቱ እርስ በርስ ሳይመሳከር አንድም ዕቃ አትግዙ።

1. መጀመሪያ ሥራውንና ሞኒተሩን ወስኑ

ለጌም ከሆነ መነሻው ሞኒተሩ ነው። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ወደ 2.1 ሚሊዮን ፒክስል፣ 2560 በ1440 የሆነው 3.7 ሚሊዮን፣ ፎርኬ የሚባለው 3840 በ2160 ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ፒክስል አለው። ግራፊክስ ካርዱ ይህንን ሁሉ ለእያንዳንዱ ፍሬም (በተከታታይ ለሚታየው ለእያንዳንዱ ምስል) እየሣለ ይሞላል፤ ስለዚህ ከ1080 ወደ ፎርኬ ሲኬድ የሚሞላው ፒክስል አራት እጥፍ ይሆናል። የፕሮሰሰሩ ሥራ ግን ስክሪኑ ቢሰፋም ባይሰፋም ያው ነው ማለት ይቻላል። በፎርኬ የሚጫወት ሰው ገንዘቡን ወደ ካርዱ ያድላ፤ በ1080 ስክሪን በሰከንድ 240 ፍሬም የሚፈልግ ግን ቀድሞ የሚያጥረው የፕሮሰሰር ጉልበት ነው።

ቪዲዮ የሚያቀናብር ወይም ትልልቅ ፕሮግራሞችን ኮምፓይል የሚያደርግ (ኮዱን ኮምፒውተሩ ወደሚያስኬደው መልክ የሚቀይር) ሰው ብዙ ኮር (የፕሮሰሰሩ የሥራ ክፍል) እና ሰፊ ራም ያስፈልገዋል። የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎችን ቤቱ ማስኬድ የሚፈልግ ደግሞ ከሁሉም በፊት የግራፊክስ ካርዱን ሜሞሪ ይመልከት።

2. ግራፊክስ ካርድ

የካርዱ ፍጥነት በቺፑ፣ አቅሙ በሜሞሪው ይወሰናል። ሁለቱ አይምታቱባችሁ። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ የተባለው የኤንቪዲያ ካርድ በ8ም በ16ም ጊጋባይት ሜሞሪ ይሸጣል፤ ቺፑ አንድ ነው። ጌሙ ከ8 ጊጋባይት በላይ ሲፈልግ ግን ትርፉ ወደ ኮምፒውተሩ ራም ይገፋል፤ መንገዱ ቀርፋፋ ስለሆነ ምስሉ እየተንጠባጠበ ይሄዳል፣ ሥዕሎቹም ደብዝዘው ይቀራሉ። አማካይ የፍሬም ቁጥሩ ጥሩ መስሎ እያለ ጨዋታው የሚቆራረጥባችሁ ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ለሚገዛ ሰው በ1440 ስክሪን 12 ጊጋባይት ዝቅተኛው ነው፤ 16 ቢሆን ይሻላል።

ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሎች ሒሳቡ ቀላል ነው። 8 ቢሊዮን ፓራሜትር ያለው ሞዴል እያንዳንዱ ፓራሜትር በ2 ባይት ቢቀመጥ ብቻውን 16 ጊጋባይት ይይዛል። ወደ 4 ቢት ቢጨመቅ 4 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ ለሥራ የሚፈልገው ተጨማሪ ቦታ ከዚያ ላይ ይደመራል። የምትጠቀሙበት ሶፍትዌር በኩዳ (የኤንቪዲያ ካርዶች ብቻ ባላቸው የስሌት ሥርዓት) ብቻ የሚሠራ ከሆነ ምርጫችሁ ኤንቪዲያ ላይ ይወሰናል፤ ይህን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ።

3. ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ አብረው ይመረጣሉ

ሶኬቱ ካልተስማማ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው። የኤኤምዲ ራይዘን 7000 እና 9000 ኤኤም5 በሚባለው ሶኬት ላይ ይቀመጣሉ፤ ይህ ሶኬት የሚቀበለው ዲዲአር5 የሚባለውን የራም ትውልድ ብቻ ነው። የኢንቴል 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ኤልጂኤ 1700 ላይ፣ ኮር አልትራ 200ኤስ ደግሞ ኤልጂኤ 1851 ላይ ነው። ለኤልጂኤ 1700 የተሠሩ ማዘርቦርዶች አንዳንዶቹ ዲዲአር4፣ አንዳንዶቹ ዲዲአር5 ይቀበላሉ። በሁለቱ ራሞች ጠርዝ ላይ ያለው ቁርጥ የተቀመጠበት ቦታ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ማስገቢያ በፍጹም አይገባም፤ በጉልበት አትሞክሩት።

ለጌም የሚመረጡት በስማቸው መጨረሻ ኤክስ3ዲ ያለባቸው ራይዘኖች ናቸው። ራይዘን 7 9800ኤክስ3ዲ ስምንት ኮር ብቻ ቢኖረውም 96 ሜጋባይት ኤል3 ካሽ (ቺፑ ላይ ያለ ፈጣን ሜሞሪ) አለው። ጌም ተመሳሳይ ዳታ ደጋግሞ ስለሚጠይቅ፣ ዳታው ራም ድረስ ሳይሄድ እዚያው ቺፑ ላይ መገኘቱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ለሬንደር (የተቀናበረን ቪዲዮ ወይም ምስል ሠርቶ ለማውጣት) እና ለኮምፓይል ግን 16 ኮር ያለው ራይዘን 9 9950ኤክስ ይበልጣል። በኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ኃይለኛ ፕሮሰሰሮች ላይ ከልክ ያለፈ ቮልቴጅ ቺፑን ቀስ በቀስ እንደሚጎዳው በ2024 (እ.ኤ.አ.) ታውቆ ማስተካከያ በባዮስ (ማዘርቦርዱ ላይ ባለው ኮምፒውተሩን በሚያስነሳ ፕሮግራም) ወጥቷል። ማስተካከያው ጉዳቱን ይከላከላል እንጂ የተጎዳውን አይመልስም፤ ስለዚህ ከእነዚህ ውስጥ ያገለገለ ፕሮሰሰር አትግዙ፣ አዲስ ከሆነም ባዮሱን ከሁሉ በፊት አድሱ።

ማዘርቦርድ ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ ኮምፒውተሩን አያፈጥነውም። ለኤኤም5 ቢ650 ወይም ቢ850 የሚል ስም ያለው ማዘርቦርድ ለአብዛኛው ሰው በቂ ነው። ማየት ያለባችሁ ሦስት ነገር ነው፦ ለፕሮሰሰሩ ኃይል የሚያከፋፍለው ክፍል ጥሩ የብረት ማቀዝቀዣ አለው ወይ? ያለ ፕሮሰሰር ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ አለው ወይ? ስንት የኤም 2 ማስገቢያ (ኤስኤስዲ የሚሰካበት ቦታ) አለው? ቁልፉ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ከተመረተ በኋላ የወጣ ከሆነ ባዮሱ ላያውቀው ይችላል፣ ያኔ ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ይቀራል። መመሪያ መጽሐፉንም አንብቡ፤ በአንዳንድ ማዘርቦርዶች አንዱ የኤም 2 ማስገቢያ ሲያዝ የግራፊክስ ካርዱ የዳታ መስመሮች ከ16 ወደ 8 ይወርዳሉ።

4. ራም

ሁለት ዱላ (የራም ቁራጭ) ግዙ፤ አራት አይደለም። ለጌም ሁለት ባለ 16፣ ለቪዲዮ ሥራ ሁለት ባለ 32 ጊጋባይት። በዲዲአር5 አራት ዱላ ሲሰካ ፕሮሰሰሩ ያንን ሁሉ በሙሉ ፍጥነት መቆጣጠር ስለሚከብደው ፍጥነቱ ይወርዳል። «ለጊዜው ሁለት ልግዛ፣ ኋላ ሁለት እጨምራለሁ» የሚለው ዕቅድ የማይሠራውም ለዚሁ ነው።

ፍጥነት ስታወዳድሩ ትልቁን ቁጥር ብቻ አትዩ። ሲኤል የሚለውን ቁጥር (ራሙ ዳታ ለመስጠት የሚዘገይበትን) በ2000 አባዙና ለፍጥነቱ አካፍሉ። 6000 ሲኤል 30 የሆነው 10 ናኖሰከንድ ይመጣል፤ 6000 ሲኤል 36 የሆነው 12። ለኤኤም5 ተመራጩ 6000 ሲኤል 30 ነው።

አራት ማስገቢያ ባለው ቦርድ ላይ ዱላዎቹ የሚገቡት አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛውና አራተኛው ላይ ነው። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩ፤ ካላበራችሁት የገዛችሁት 6000 ራም በ4800 ወይም በ5600 ሲሠራ ይኖራል። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ሲበራ ራሙን እየፈተሸ ለደቂቃዎች ጥቁር ስክሪን ሊያሳይ ይችላል። ተበላሸ ብላችሁ ኃይሉን አታቋርጡ።

5. ማከማቻ

በኬብል የሚሰካው ሳታ ኤስኤስዲ በሰከንድ 550 ሜጋባይት ገደማ ያነባል፤ ኤም 2 ማስገቢያ ላይ የሚሰካው የፒሲአይ 4.0 ኤንቪኤምኢ ወደ 7000 ይደርሳል። 5.0 ከዚያም ያልፋል፣ ግን ጌም ሲከፈት ልዩነቱ እምብዛም አይታወቅም፤ ሙቀቱ ግን ይጨምራል። በሜሞሪ ዓይነታቸው ቲኤልሲ የሚሉትን ምረጡ፤ ኪውኤልሲ የሚባለው ዓይነት ትልቅ ፋይል ሲገለበጥበት ካሹ (ፈጣኑ ጊዜያዊ ቦታው) ሲሞላ ፍጥነቱ ክፉኛ ይወድቃል።

6. ፓወር ሰፕላይ

ሰው የሚቆጥበው እዚህ ላይ ነው፤ መቆጠብ የሌለበትም እዚህ ላይ ነው። ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። አርቲኤክስ 5070 ቲአይ 300 ዋት፣ 9800ኤክስ3ዲ እስከ 162 ዋት፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ፋንና ኤስኤስዲ ተደምረው 75 ዋት ቢሆኑ 537 ይመጣል። ካርዶች ለማይክሮሰከንዶች ከተጻፈላቸው ዋት በላይ ይስባሉ፤ ደካማ ፓወር ሰፕላይ ያኔ ራሱን ያጠፋል፣ እናንተም ጌም መሐል ኮምፒውተሩ ድንገት ሲጠፋ ታያላችሁ። ስለዚህ 750፣ ከተቻለ 850 ዋት፣ ኤቲኤክስ 3.1 የሚባለውን የፓወር ሰፕላይ ደረጃ የሚያሟላ ይሁን። ወርቅ ወይም ነሐስ የሚለው ምልክት ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚባክን ይናገራል እንጂ የውስጥ ዕቃውን ጥራት አይመሰክርም።

ለግራፊክስ ካርዱ ኃይል የሚያደርሰውን ባለ 16 ፒን ኬብል በተለይ ልብ በሉ። አርቲኤክስ 5090 እስከ 575 ዋት ይስባል። ይህ ሁሉ በዚህ ኬብል ቢያልፍ በ12 ቮልት 48 አምፔር ገደማ ነው፤ ኃይል ለሚያስገቡት ስድስት ፒኖች ሲካፈል ለእያንዳንዱ 8 አምፔር ይደርሳል። የኬብሉ መሰኪያ ትንሽ እንኳ ከተንጋደደ ሁለቱ ፒኖች በደንብ ላይነኩ ይችላሉ፤ ድርሻቸውን አራቱ ይሸከሙታል፣ ይግላሉ፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። እስከ መጨረሻው ግፉት፤ በባትሪ ብርሃን ከጎን ስታዩት ክፍተት መኖር የለበትም። ከመሰኪያው 3.5 ሳንቲሜትር ሳይርቅም ኬብሉን አትጠፉት። የሌላ ፓወር ሰፕላይ ኬብል፣ ቢገጥም እንኳ፣ በጭራሽ አትጠቀሙ፤ የሽቦዎቹ አደራደር ስለሚለያይ ኤስኤስዲውን ወይም ማዘርቦርዱን ያቃጥላል።

7. ማቀዝቀዣና ኬዝ

ለ9800ኤክስ3ዲ ጥሩ ባለ ሁለት ማማ የአየር ማቀዝቀዣ ይበቃል። እስከ 253 ዋት ለሚስብ እንደ ኮር አይ9 14900ኬ ላለ ግን 360 ሚሊሜትር የውሃ ማቀዝቀዣ ያስፈልጋል። ኬዙ ከፊት ለፊት ወንፊት ይኑረው፤ መስታወት ፊቱን የሸፈነው ያምራል፣ ነገር ግን አየር ያፍናል። ሦስት ልኬት አመሳክሩ፦ የካርዱን ርዝመት (ብዙዎቹ ከ300 እስከ 340 ሚሊሜትር ናቸው)፣ የማቀዝቀዣውን ቁመት፣ የማዘርቦርዱን መጠን። ራዲያተሩ (የውሃ ማቀዝቀዣው ሙቀት የሚያስወጣው ክፍል) ከፊት ከተገጠመ ውፍረቱን ለካርዱ ከተተወው ርዝመት ላይ ቀንሱ።

8. ሲገጣጠም የሚረሱ ነገሮች

ከማቀዝቀዣው ሥር ያለው ቀጭን ፕላስቲክ ሳይነሳ ከተገጠመ ፕሮሰሰሩ ወዲያው 95 ዲግሪ ይነካል። ከፕሮሰሰሩ ጎን የሚሰካው የኃይል ኬብል ከተረሳ ፋኖች ይዞራሉ፣ ስክሪን ላይ ግን ምንም አይመጣም። የሞኒተሩ ኬብል የሚሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው፤ ማዘርቦርዱ ላይ ከተሰካ ያ ሁሉ የተከፈለበት ካርድ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል። በመጨረሻ ዊንዶውስ ማሳያ ቅንብር ውስጥ ግቡ፤ 165 ኸርዝ ሞኒተር ገዝታችሁ እንኳ በ60 ላይ ሊሆን ስለሚችል በእጃችሁ ቀይሩት።