የድርጭት ጫጩት አልበላ፣ አላድግ፣ አልቆም ሲል

የድርጭት ጫጩት ሲደክም ቶሎ የሚታየን መድኃኒት ነው። አንዱ የዶሮ አንቲባዮቲክ ይጠቁማል፣ ሌላው ነጭ ሽንኩርት ውሃው ውስጥ ክተቱ ይላል። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት የሚያጋጥሙት ችግሮች ግን አብዛኞቹ ከመኖ፣ ከውሃና ከሙቀት የሚመጡ ናቸው። ስለዚህ ወደ እንስሳት መድኃኒት ቤት ከመሮጣችሁ በፊት ጆንያው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፣ መኖውንም እፍኝ አድርጋችሁ በጣታችሁ ፈትጉት።

እዚህ አገር ብዙ ጊዜ በእጃችን የሚገባው የዶሮ መኖ ነው። ችግሩም ከዚያ ይጀምራል። የድርጭት ጫጩት ስትፈለፈል የምትመዝነው ከ7 እስከ 8 ግራም ነው፣ በአንድ ሳምንት ክብደቷ ሦስት እጥፍ ገደማ ይሆናል፣ በ6ኛው ሳምንት ደግሞ እንቁላል መጣል ትጀምራለች። ይህን ሁሉ በዚህ ፍጥነት የምታደርገው በምትበላው ነው።

«መጀመሪያ ቀን ደህና ነበሩ፣ በ3ኛው ቀን መሞት ጀመሩ»

ጫጩቷ ከእንቁላሉ ስትወጣ ሆዷ ውስጥ የተረፈ አስኳል አለ። እሱ አንድ ሁለት ቀን ያቆያታል። በዚህ ጊዜ መብላት ካልለመደች አስኳሉ ሲያልቅ ትወድቃለች፣ ሞቱ ድንገተኛ የሚመስለንም ለዚህ ነው። ለማረጋገጥ ማታ ላይ ጥቂቶቹን አንሱና አንገታቸው ስር ያለችውን የምግብ ከረጢት በቀስታ ዳስሱ። ሞላ ብላ ለስለስ ካለች ጫጩቷ በልታለች። ባዶ ከሆነች አልበላችም ማለት ነው።

ለምን አልበላችም? አንዳንዴ መኖው ትልቅ ስለሆነ ነው። ለዶሮ ጫጩት የተዘጋጀ ፍርፋሪ ለድርጭት አፍ አይሆንም። በሙቀጫ ደቁሱት ወይም እንደገና አስፈጩትና በወንፊት ንፉት፤ ከጤፍ ፍሬ ትንሽ ከፍ ያለ ቢሆን ጥሩ ነው፣ እንደ በርበሬ ዱቄት ከላመ ግን ምንቃራቸው ላይ እየተለጠፈ ያስቸግራል። አንዳንዴ ደግሞ መኖው የት እንዳለ አላወቁም። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት መኖውን ካርቶን ላይ በትኑላቸው፣ በጣታችሁ ቆርቆር ቆርቆር አድርጉ፣ ድምፁን ሰምተው ይመጣሉ። ሰጋቱራ ላይ አትበትኑ፣ ሰጋቱራውን ይበሉታል። የተቀቀለ እንቁላል አድቅቆ በላዩ ጣል ማድረግም ደካሞቹን ያነሳሳል፤ ግን ቶሎ ስለሚበላሽ የተረፈውን ሳትውሉ ሳታድሩ አንሱት።

የበረዳት ጫጩት ደግሞ መኖው ፊቷ ቢሆንም አትበላም። በመጀመሪያው ሳምንት ከ35 እስከ 37 ዲግሪ ያስፈልጋቸዋል፣ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ገደማ እየቀነሳችሁ ትሄዳላችሁ። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ እነሱን ራሳቸውን እዩ፦ ተደራርበው ከተከመሩ በርዷቸዋል፣ ከአምፖሉ ሸሽተው አፋቸውን ከከፈቱ ሞቋቸዋል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ሌሊቱ በሚበርድ ከተማ መብራት ቢጠፋስ ብላችሁ አስቀድማችሁ አስቡ፤ ሙቅ ውሃ በጀሪካን ሞልቶ በጨርቅ ጠቅልሎ መሀላቸው ማስቀመጥ ይረዳል። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ እንዳታስቡት፣ ለእናንተም ለእነሱም አደጋ ነው።

ውሃው ደግሞ ያሰምጣቸዋል። የሃይላንድ ክዳን ወይም ሌላ ዝቅ ያለ ዕቃ ውስጥ ብይ ወይም የታጠበ ጠጠር ደርድሩና በመሀሉ እንዲጠጡ አድርጉ።

«አይሞቱም፣ ግን አያድጉም»

በጣም የተለመደው ቅሬታ ይሄ ነው፣ መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ፕሮቲን ነው። የድርጭት ጫጩት መኖ ፕሮቲኑ ቢያንስ 24 በመቶ መሆን አለበት። ለእንቁላል ጣይ ዶሮ ጫጩት የሚሸጠው ከ18 እስከ 20 በመቶ ገደማ ነው፣ የቄብ መኖ ከዚያም ያንሳል። ለሥጋ ዶሮ የሚሆነው የብሮይለር ስታርተር (የመጀመሪያ ሳምንታት መኖ) ግን ከ20 እስከ 23 ይደርሳል። ከዶሮ መኖዎች ለድርጭት የሚቀርበው እሱ ነው።

እሱንም ከፍ ማድረግ ይቻላል። ስታርተሩ 21 በመቶ፣ የአኩሪ አተር ፋጉሎው (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው) ደግሞ 44 በመቶ ከሆነ፣ 8 ኪሎ ከ700 ግራም ስታርተር ላይ 1 ኪሎ ከ300 ግራም ፋጉሎ ስትጨምሩ 10 ኪሎ ባለ 24 በመቶ መኖ ይወጣችኋል። ፋጉሎውንም እንደ ስታርተሩ አድቅቁት፣ ካለበለዚያ ትልልቁን እየተዉ ደቃቁን ብቻ ይለቅማሉ።

በቆሎና ፉርሽካ ቀላቅሎ ጫጩት ለማሳደግ የሚሞክር ሰው ብዙ ነው። ርካሽ ስለሆነ ይገባኛል። ግን ሒሳቡን እዩት፤ የበቆሎ ፕሮቲን ከ8 እስከ 9 በመቶ፣ የፉርሽካ 15 በመቶ ገደማ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱን በፈለጋችሁት መጠን ብታደባልቁ ከፉርሽካው በላይ አይወጣም። የኑግ ፋጉሎ ፕሮቲኑ ጥሩ ነው፣ ሆኖም ላይሲን የሚባለው ንጥረ ነገር ስለሚያንሰውና አሰር ስለሚበዛበት አኩሪ አተርን ሙሉ በሙሉ አይተካም። አኩሪ አተሩን ደግሞ ጥሬውን አስፈጭታችሁ ከሆነ የምትሰጡት ችግሩን አገኛችሁት። ጥሬ አኩሪ አተር ውስጥ የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለ፣ የሚጠፋውም በሙቀት ነው። ቆልታችሁ አስፈጩት። በእኔ እይታ ግን እስከ 3 ሳምንት ድረስ ቤት ውስጥ ከባዶ መቀመም አያዋጣም። አንዲት ድርጭት እስከ 5 ሳምንት የምትበላው ግማሽ ኪሎ ገደማ ነው፣ ለመቆጠብ የምንሟሟትበት ገንዘብ ያን ያህል አይደለም።

አንዳንዶቹ ወፍረው ሌሎቹ ከቀጨጩ ግን መኖውን አትቀይሩ። የመመገቢያ ዕቃ ጨምሩ፣ ትንንሾቹንም ለብቻ አድርጉ።

«እግሩ ችግር አለበት»

የትኛው የእግር ችግር? ሦስቱን ለይታችሁ እዩ።

ሁለቱ እግሮች ወደ ጎንና ጎን ከተንሸራተቱ ጥፋቱ የወለሉ ነው። ጋዜጣና ለስላሳ ፕላስቲክ ያንሸራትታል። ሻካራ ጨርቅ አንጥፉ፣ ገና የጥቂት ቀን ጫጩት ከሆነች ሁለቱን እግሮች በለስላሳ ማሰሪያ አቀራርባችሁ ብታስሩ ልትስተካከል ትችላለች።

ጣቶቿ ወደ ውስጥ ታጥፈው በቁርጭምጭሚቷ የምትሄድ ከሆነ ቫይታሚን ቢ2 እንደጎደላት ጠርጥሩ። ቫይታሚን ቢ ያለበት የዶሮ ቫይታሚን ውሃ ውስጥ በጥብጡላቸው፣ በየቀኑም አዲስ አድርጉት፣ ብርሃንና ሙቀት ያበላሸዋል። በጊዜ ከተደረሰባት ትድናለች፤ ከቆየ ነርቭ ስለሚጎዳ አትመለስም።

እግሩ ከተንጋደደና ምንቃሩ እንደ ላስቲክ ከለሰለሰ ጉዳዩ የአጥንት ነው፦ ቫይታሚን ዲ3፣ ካልሲየም ወይም ፎስፈረስ ጎድሏል። ቤት የተቀመመ መኖ ፕሪሚክስ (የቫይታሚንና የማዕድን ቅልቅል) ከሌለው ይሄ ይመጣል። በመስታወት ውስጥ የሚገባ ፀሐይ አይጠቅምም፣ ለቫይታሚን ዲ የሚያስፈልገውን ጨረር መስታወቱ ያስቀረዋል። ጠንከር ሲሉ በሞቃት ቀን ትንሽ ፀሐይ አስመቷቸው፣ መኖውንም ፕሪሚክስ ባለው ተኩት።

አጥንት ይጠንክር ብላችሁ ግን የእንቁላል ጣይ መኖ አትስጡ። ለጫጩት የሚበቃው ካልሲየም 0.8 በመቶ ነው፣ የጣይ ዶሮ መኖ ከ3.5 በላይ ይይዛል። ኩላሊታቸውን ይጎዳል።

«ላባ ይነቃቀላሉ፣ ይደማማሉ»

ጥበቱንና መብራቱን መጀመሪያ እዩ፣ የተጨናነቀና ደማቅ መብራት ያለበት ሳጥን ያጣላቸዋል። የደማችውን ወዲያው ለዩ። ቦታው ሰፊ ሆኖም ካልተዉ የፕሮቲን፣ በተለይም ሜታዮኒን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል፣ ወይም የጨው እጥረት ሊሆን ይችላል። ጨው በግምት አትጨምሩ፣ ሲበዛ ይገድላል።

«ቂጣቸው ላይ ኩስ ደርቆ ተጣብቋል»

ብዙ ጊዜ ከብርድ ወይም ከመጠን ካለፈ ሙቀት ነው። ለብ ባለ ውሃና በጥጥ አርሳችሁ አንሱት፣ አትጎትቱት፣ ሙቀቱን አስተካክሉ። ኩሱ ውሃ ሆኖ ደም ካለበትና ብዙዎቹ ላባቸውን ነፍተው ከቆዘሙ ግን የመኖ ጉዳይ አይደለም፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ።

«መኖው ትንሽ ይሸታል፣ ግን ያሳዝናል መጣሉ»

ይጣል። ሻጋታ ያለበት በቆሎና ፋጉሎ አፍላቶክሲን የሚባል የሻጋታ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ ጉበት ይጎዳል፣ ፀሐይ ላይ ማስጣትም መቀቀልም አያጠፋውም። ለሌላ ከብት አትስጡት። ጆንያውን ከወለል ከፍ አድርጉ፣ በክረምት ደግሞ ብዙ አትግዙ።

«መቼ ነው መኖ የምቀይረው?»

ከ5ኛው ሳምንት መጨረሻ ጀምሮ፣ በአንዴ ሳይሆን የአዲሱን ድርሻ በየቀኑ እየጨመራችሁ። የምትጥል ድርጭት 20 በመቶ ፕሮቲንና 2.5 በመቶ ካልሲየም ይበቃታል። የመጀመሪያዎቹ እንቁላሎች ቅርፊታቸው ከሳሳ ለመኖ የሚሸጠውን የኖራ ድንጋይ ፍርፋሪ፣ ቤት የሚቀባውን ሳይሆን፣ በሌላ ዕቃ አስቀምጡላቸው፤ የጎደላት ሄዳ ትለቅማለች።