ቀጣዩ ዊንዶውስ መቼ ይመጣል? መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ቀን እዩ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ሥር ኮምፒውተር ስጠግን ዓመታት ተቆጠሩ። ከኮዬ ፈጬም ከገላንም ሰው ዴስክቶፑን ታክሲ ውስጥ ታቅፎ ይመጣል። ዘንድሮ የሚጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት ሆኗል። «አዲሱ ዊንዶውስ መቼ ነው የሚመጣው? እኔ ጋ እስካሁን የለም።» አብዛኛውን ጊዜ ዊንዶውሱ ከመጣ ቆይቷል። እነሱ ጋ ነው ያልደረሰው።

መቼ ይመጣል ለሚለው መገመት አይከብድም። ዊንዶውስ 11 የወጣው በእኛ አቆጣጠር መስከረም 25 ቀን 2014 ነው። ከዚያ 22ኤች2 የተባለው የዊንዶውስ 11 እትም መስከረም 10 ቀን 2015 መጣ። 23ኤች2 ጥቅምት 20 ቀን 2016፣ 24ኤች2 መስከረም 21 ቀን 2017፣ 25ኤች2 ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2018። ሁልጊዜ አደይ አበባ ሲያብብና ትንሽ ቆይቶ ነው። ስለዚህ የሚቀጥለውንም ከመስከረም እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ እጠብቃለሁ። በወጣበት ቀን ግን ሁሉም ሰው ጋ አይደርስም። በየተራ ነው የሚለቀቀው፣ ወራት ሊወስድ ይችላል። ስሙ ላይ ያለው 25 የፈረንጅ ዓመት ነው። ኤች2 ማለት የዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ ነው። የፈረንጅ ዓመት የሚለውን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ላይ እንፈልገዋለን።

«ዊንዶውስ 12 አለኝ» እያለ ፍላሽ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ አትግዙ። አንዱን ደንበኛዬ ይዞት መጥቶ ከፈትነው። ዎልፔፐሩና አይከኖቹ የተቀየሩ ዊንዶውስ 10 ነው። አፕዴቱን ከውስጡ ቆርጠው አውጥተውታል። እንዲህ ያለው ላይ መቼም ምንም አይመጣም። መፍትሄው ዳታን አውጥቶ በትክክለኛው ዊንዶውስ እንደ አዲስ መጫን ነው።

አሁን ወደ ችግሮቹ። ዊንዶውስ ቁልፍንና አርን (R) አብራችሁ ተጫኑ፣ በእንግሊዝኛ ዊንቨር (winver) ብላችሁ ጻፉ። የትኛው ላይ እንዳላችሁ ያሳያችኋል።

ዊንዶውስ 10፣ 22ኤች2 ካለ

ለዊንዶውስ 10 ከዚህ በኋላ አዲስ እትም የለም። መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ለተመዘገበ የግል ተጠቃሚ የደህንነት ማስተካከያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ይቀጥላል። ቀጣዩ 11 ነው። ለእሱ በአብዛኛው ከኢንቴል ስምንተኛ ጄኔሬሽን ወይም ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር፣ 4 ጊጋ ራም፣ 64 ጊጋ ዲስክ፣ ቲፒኤም 2.0 (የደህንነት ቁልፎችን የሚይዝ ክፍል) እና ሴኪዩር ቡት (ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም የሚከለክል) ያስፈልጋል። አራተኛ ጄኔሬሽን ይዞ መስከረምን መጠበቅ ዋጋ የለውም።

80070070 የሚል ቁጥር ካመጣ

ሲ ድራይቭ ሞልቷል። አጽዱት።

ማውረድ ካልጀመረ

በስልክ ሆትስፖት እየተጠቀማችሁ ኮኔክሽኑን ሚተርድ (ዳታ የሚቆጥብ) አድርጋችሁት ይሆናል። አጥፉት።

«ለእርስዎ ኮምፒውተር ገና እየተዘጋጀ ነው» የሚል ነገር ካለ

ማይክሮሶፍት ያገደው ድራይቨር (ድምፁን፣ ዋይፋዩን የሚያሠራ ሶፍትዌር) ወይም ፕሮግራም አለ። እገዳው እስኪነሳ ጠብቁ። በፍላሽ በግድ አትጫኑ፣ ድምፅ ወይም ዋይፋይ አጥታችሁ እኔ ጋ ትመጣላችሁ።

ቼክ ሲያደርግ ይሽከረከርና 80072ኤፍ8ኤፍ ብሎ ከቆመ

ስለዚህኛው ብዙ አወራለሁ። ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ የማየው እሱን ነው።

ምልክቱ አፕዴቱ ላይ ብቻ አይታይም። ብራውዘሩ ጉግልን እንኳን «ደህንነቱ ያልተጠበቀ» ብሎ አይከፍትም፣ ወይም «ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። ኢንተርኔቱ አለ፣ ስልክ ላይ ይሠራል። ሰው ቫይረስ ነው ብሎ ያስባል። ቫይረስ አይደለም። ታች በቀኝ በኩል ያለውን ቀን እዩ።

ኮምፒውተሩ ከማይክሮሶፍት ሰርቨር ጋር ሲገናኝ መጀመሪያ መታወቂያ ይጠይቃል። ሰርተፊኬት ይባላል። ልክ እንደ ቀበሌ መታወቂያ፣ የተሰጠበት ቀንና የሚያበቃበት ቀን አለው። ኮምፒውተሩ ራሱን የፈረንጅ 2018 ላይ ያለ ከመሰለው፣ የቀረበለት መታወቂያ ገና ወደፊት የሚሰጥ ነው። አይቀበለውም። ግንኙነቱም እዚያው ይቋረጣል።

ታዲያ 2018ን ማን አስገባው? ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ራሱ።

እዚህ ሰፈር ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት የሚሠሩ አንድ እናት አሉ። ኮምፒውተራቸው በአምስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ፎርማት ተደርጓል፣ በሦስት የተለያዩ ሠራተኞች። ሦስቱም ገንዘብ ተቀብለዋል። በየጊዜው ለጥቂት ቀን ይሠራና ይቆማል። እኔ ጋ ሲመጡ ቀኑን አየሁት።

«እትዬ፣ ይሄን ቀን ማነው የቀየረው?»

«እኔ ነኛ! ደብዳቤው ላይ የፈረንጅ ቀን እየጻፈ አስቸገረኝ።»

ዎርድ ቀኑን በራሱ ከኮምፒውተሩ ሰዓት ወስዶ ያስገባል። የሰው ማመልከቻ ላይ 2026 ሲወጣ ደንበኛ ይመልስባቸዋል። ስለዚህ ወሩንም ዓመቱንም ወደ እኛ አዞሩት። ሥራቸውን ለማቃናት ያደረጉት ነው፣ አልፈርድባቸውም። የምፈርደው ቀኑን ሳያዩ ፎርማት ባደረጉት ላይ ነው። የሴትየዋ የሁለት ዓመት ደብዳቤ በዚያ ፎርማት ጠፍቷል። ዳታ ሳትገለብጡ የሰው ማሽን ፎርማት አታድርጉ። እባካችሁ።

መፍትሄው ይሄ ነው። ሰዓቱ ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና የቀን ማስተካከያውን ክፈቱ። ታይም ዞኑን ናይሮቢ የሚለው ላይ አድርጉ፣ ከእኛ ጋር እኩል ነው። ከዚያ በራሱ እንዲያስተካክል የሚለውን አጥፍታችሁ የፈረንጁን ቀንና ሰዓት በእጅ አስገቡ። ልዩነቱ ዓመታት ሲሆን በራሱ ይስተካከላል ብላችሁ አትጠብቁ። ካስገባችሁ በኋላ መልሳችሁ አብሩትና ሲንክ ናው በሉ። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የምታደርጉ አላችሁ። ያ ብቻውን እንደ ዓመቱ አይጎዳም፣ ግን ተዉት። ዎርድ ላይ የእኛን ቀን በእጅ ጻፉ።

አስተካክላችሁት፣ ጠዋት ስትከፍቱ ቀኑ ወደ ኋላ ከተመለሰ ግን ጥፋቱ የሰው አይደለም። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል። ክብ፣ ብርማ፣ ሳንቲም የሚያክል፣ ሲአር2032 የሚል የተጻፈበት ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ ሰዓቱን የሚቆጥረው በእሱ ነው። ሶኬቱ ላይ መብራት ካለ ባትሪው ያርፋል። መብራት ሲሄድ ወይም ማታ ማከፋፈያውን ስታጠፉ ሥራው ይጀምራል። እኛ አካባቢ መብራት በሄደ ቁጥር ይሠራል። ቶሎ የሚያልቀውም ለዚህ ነው።

ስትቀይሩ ኬብሉን ከግድግዳ ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም። ጽሑፍ ያለበት የፕላስ ጎን ወደ ላይ ይሁን። በመልቲሜትር ለኩት፣ አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ያሳያል። እኔ ከ2.8 በታች ካየሁ እቀይረዋለሁ። አሮጌውን መሬት ላይ አትጣሉት። ሕፃን ከዋጠው በሰዓታት ውስጥ ጉሮሮውን ያቃጥለዋል፣ ለሞትም ሊያደርስ ይችላል። ይሄን ሳልናገር ማንንም አልሸኝም።

ሱቅ ስትገዙ ደግሞ ቁጥሩን አንብቡ። 2032 ማለት ወርዱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር ነው። 2025 ወርዱ ያው ነው፣ ውፍረቱ ግን 2.5። «ያው ነው» ብለው ይሰጧችኋል። ያው አይደለም። ቦታው ላይ ላላ ይልና ጠረጴዛው በተነቃነቀ ቁጥር ሰዓቱ ይጠፋል። አንድ መምህር ያመጡት ዴስክቶፕ ውስጥ እንዲህ ያለ ባትሪ አገኘሁ። ከሥሩ ከሲጋራ ፓኬት የወጣ ብልጭልጭ ወረቀት ታጥፎ ተወትፏል፣ እንዲጠብቅ። ወረቀቱ ግማሹ ተንሸራቶ ማዘርቦርዱ ላይ ወድቋል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ወረቀት ነው! በጊዜ ባናየው ኖሮ ቦርዱ ይቃጠል ነበር። የባትሪው ዋጋ ከማዘርቦርዱ ጋር አይወዳደርም። እንዲህ ዓይነት ሥራ ያበሳጨኛል።

ባትሪው ሞቶ ከነበረ ሌላም ነገር ይከተላል። አንዳንድ ማዘርቦርድ የባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው ማስተካከያ) ምርጫውን ሁሉ ይረሳል። ቲፒኤም ይጠፋል፣ ሴኪዩር ቡት ይጠፋል። ትናንት ለ11 ብቁ የነበረ ማሽን ዛሬ «አያሟላም» ይላል። ሰው ይደነግጥና አዲስ ኮምፒውተር ሊገዛ ይነሳል። አትግዙ። ባዮስ ገብታችሁ ቲፒኤሙን መልሳችሁ አብሩት፣ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ይባላል። በቢትሎከር (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) የተቆለፈ ዲስክ ካላችሁ የመክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡ። ሊጠይቃችሁ ይችላል፣ ከሌላችሁ ዳታው ሄደ ማለት ነው።

ላፕቶፕ ላይ ባትሪው በትንሽ ሽቦ የታሰረ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጭራሽ ላይኖር ይችላል። ካልለመዳችሁ አትክፈቱት።

ቀኑ ከተስተካከለ በኋላ ሪስታርት አድርጋችሁ ቼክ በሉ። ከ24ኤች2 ወደ 25ኤች2 ትንሽ ፓኬጅ ነው፣ አንድ ሪስታርት ይበቃዋል። ከ23ኤች2 ከሆነ ግን ሙሉው ነው የሚወርደው፣ ጊጋዎች ይበላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን የሚይዝ ባትሪ) ከሌላችሁ መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አትጀምሩት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሞልቶ፣ ቻርጀሩም ተሰክቶ።

የእትዬን ማሽን ቀኑን አስተካክዬ ከዩፒኤሴ ጋር አገናኘሁት። ከምሳ በኋላ ማውረድ ጀመረ። አሥር ሰዓት ላይ ዊንቨር ስለው 25ኤች2 አለ። በሳምንቱ ሱቃቸው ጎራ ብል ከስክሪኑ አጠገብ የግድግዳ ካሌንደር ሰቅለዋል። ጣታቸውን እየጠቆሙ ቀኑን ከእሱ ላይ ያነባሉ፣ ደብዳቤው ላይ በእጃቸው ይጽፋሉ።