«አሪፍ ነው» አይበቃም፦ በብሉዝ ሃርሞኒካና ዘፈን ላይ አስተያየት እንዴት ይሰጣል፣ እንዴትስ ይወሰዳል?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ጣና ዳር አሳ ጥብሳችንን ጨርሰን ቁጭ ብለናል። አንዱ ጓደኛችን ሃርሞኒካውን አወጣ። ተጫወተ፣ ትንሽም ዘፈነ፣ እኛም አጨበጨብንና «አሪፍ ነው!» አልን። 3ኛው ቀዳዳ ላይ ኖታው በደረሰ ቁጥር እየወረደበት እንደነበር ሁላችንም ሰምተናል፣ ግን ማን ይናገር? ይሉኝታ ነዋ። በማግስቱ ስነግረው «ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልክ?» ብሎ ተቀየመኝ።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ እናደርጋለን።

መጀመሪያ ቅዱት። ስልኩን አፉ ስር አትደቅኑበት፣ አንድ ሜትር ያህል አርቁት። ውጭ ከሆናችሁ ተጫዋቹ ጀርባውን ለነፋሱ ይስጥ፣ አለዚያ የምትሰሙት የሐይቁን ነፋስ ብቻ ነው። ሁለት ዙር፣ ማለትም 24 ባር (አንድ ባር አራት ምት ነው)፣ ይበቃል።

ተጫዋቹ እናንተ ከሆናችሁ ጥያቄያችሁን ለይታችሁ ጠይቁ። «እንዴት ነኝ?» ላለ ሰው መልሱ የታወቀ ነው። «5ኛው ባር ላይ ኮርዱ (አጃቢው የድምፅ ስብስብ) ሲቀየር እዘገያለሁ?» በሉ። በተለመደው የ12 ባር ብሉዝ ዋና ዋናዎቹ ለውጦች 5ኛው፣ 7ኛውና 9ኛው ባር ላይ ስለሚመጡ፣ ሙዚቃ ያልተማረም ሰው እስከ አራት እየቆጠረ ሊከተላችሁ ይችላል። ኪዩንም፣ ማለትም ዘፈኑ የተመሠረተበትን ኖታ፣ ንገሩት። የሲ ሃርሞኒካ ይዞ በጂ መጫወት በብሉዝ የተለመደ ነው።

ሰሚ ከሆናችሁ ደግሞ ቦታውን ጠቁሙ። «ድምፁ ደስ አላለኝም» ለማንም አይጠቅምም። «42ኛው ሰከንድ ላይ 3ኛውን ቀዳዳ ስትስብ በጣም ወረደ» ይጠቅማል። በዚህ ቀዳዳ አየር ሲሳብ ድምፁ እስከ ሦስት ግማሽ ቶን (ግማሽ ቶን በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) ድረስ ወደ ታች ስለሚታጠፍ፣ ጀማሪ የፈለገው ቦታ ላይ ማቆም ይቸግረዋል። የስልክ ቱነር (የድምፁን ከፍታ የሚያሳይ መተግበሪያ) ከፍቶ ቀስ እያለ ቢያወርደው ይሻለዋል።

ግን አትቸኩሉ። በሲ ሃርሞኒካ በጂ ሲጫወት ያ ኖታ የስኬሉ (የድምፆቹ መሰላል) ሦስተኛ ድምፅ ነው፣ ብሉዝ ደግሞ እሱን ሆን ብሎ በሜጀርና በማይነር (ከፍ ባለውና በግማሽ ቶን ዝቅ ባለው) መሃል ያስቀምጠዋል። በትዝታና በባቲ ያደገ ጆሯችን ቶሎ «ከቅኝት ወጣ» ሊል ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ «እዚህ ጋ ሆን ብለህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ዘፈኑ ላይ የድምፁን ማማር ተዉት፣ ከሰው ሰው ይለያያል። ቃሉ ይሰማል? ትንፋሹ ስንኙን ያደርሰዋል? በብሉዝ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስንኝ ይደገማል፣ ሦስተኛው ይመልስለታል፣ ሃርሞኒካው ደግሞ ዘፋኙ ዝም ባለባት ክፍተት ይገባል። አዝማሪ ቤት የተቀመጠ ሰው ማሲንቆ ለድምፅ እንዴት እንደሚመልስ ስለሚያውቅ ይህ ግር አይለውም። አንድ ሰው ሁለቱንም ሲይዝ ግን ለሃርሞኒካው ይቸኩልና የመጨረሻዋን ቃል ይውጣታል። የእኛም ልጅ እንደዚያው ነበር። «ቃሉን ጨርስ፣ ተንፍስ፣ ከዚያ ግባ» አልነው።

ተጫዋቹ ታላቃችሁ ከሆነ ሰው ፊት አታርሙት። «ጋሼ፣ እቺን አንዴ ይድገሙልኝ» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል፣ ሲደግሙት ራሳቸው ይሰሙታል።

አስተያየት ሲሰጣችሁ አትከራከሩ። ጉንፋኑ፣ ስልኩ፣ ነፋሱ... እሱን ሁሉ ዋጡት። ጻፉት፣ አመስግኑ፣ ቤት ገብታችሁ ቅጂውን እንደገና ስሙ። ሁለት ሰው ሳይነጋገር አንድ ቦታ ከጠቆመ እዚያ ችግር አለ። ሁሉም የየራሱን ካለ አንዷን መርጣችሁ ሳምንቱን እሷን ብቻ ሥሩ።

ጓደኛችን 3ኛውን ቀዳዳ አስተካክሏል። አሁን ደግሞ በእግሩ ምት ሲመታ እየፈጠነ ይሄዳል። ቅዳሜ እነግረዋለሁ፣ አሳው ሳይመጣ።