ባዮጋዝ እንዳይቋረጥ፦ የ6 ሜትር ኩብ ማብላያ አመጋገብና አያያዝ

ባዮጋዙ ጠፋ ሲባል መጀመሪያ የሚታማው ግንበኛው ነው። ከእሱ በፊት የእበቱ ባልዲ ቢጠየቅ ይሻላል። ፀሐይና ነፋስ ሳይጠሩ ይመጣሉ፤ ባዮጋዝ ግን ታዳሽ የሚሆነው በየቀኑ የሚመግበው ሰው ሲኖር ነው። ከዚህ በታች ያለው በብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም አማካይነት በኢትዮጵያ ገጠር ለተስፋፋው፣ ከመሬት በታች ለሚገነባው ባለ ጉልላቱ «ስንዱ» ማብላያ ነው፤ ማብላያ ማለት እበትና ውሃ ተብላልቶ ጋዝ የሚሰጥበት ጉድጓድ ነው።

ከብት ሲቆጠር በረት የሚያድረው ብቻ ይቆጠር፤ መስክ ላይ የቀረ እበት ማብላያ ውስጥ አይገባም። አንድ ከብት ሲያድር 10 ኪሎ ያህል እርጥብ እበት ይሰጣል። ስለዚህ ለ6 ሜትር ኩብ 4 ከብት ያስፈልጋል። ውሃ ከሩቅ የሚቀዳ ከሆነ ባይጀምሩት ይሻላል፤ በየቀኑ ሁለት ጀሪካን መሸከም ቶሎ ይሰለቻል። ቦታው ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከውሃ ጉድጓድ ቢያንስ 10 ሜትር የራቀ ይሁን። ትልቅ ዛፍ አጠገብ አይቆፈር፤ ሥሩ ግንቡን ይሰነጥቃል።

ግንባታው እስኪያልቅ ለመጀመሪያው ሙሌት ከ2 ሺህ ኪሎ በላይ እበት ጥላ ሥር ይጠራቀም። ይሸፈን፣ ውሃም ይርከፍከፍበት። ደርቆ ኩበት ከሆነ ለምድጃ እንጂ ለማብላያ አይሆንም።

የየቀኑ ምግብ 40 ኪሎ እበትና 40 ሊትር ውሃ ነው፤ በ20 ሊትር ባልዲ ሁለት ሁለት። የማደባለቂያውን ቀዳዳ ይወትፉና ጓሉ እስኪጠፋ በእጅ ያሹት። ከተቦካ የእንጀራ ሊጥ ትንሽ ቀጠን ሲል በቅቷል። ገለባውን ለቅመው ያውጡ፤ ከገባ ላይ ላዩን ተንሳፎ ቅርፊት ይሠራና ጋዙን ያፍናል። አሸዋው ደግሞ ታች ይዘቅጥና ከዓመት ዓመት የማብላያውን ሆድ ይሞላል። ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ አስረግተው ውታፉን ያንሱ፣ ገንዳው ላይ የቀረውን አፈር ወደ ውጭ ይጥረጉ። ውሃ ሲያጥር ከፊሉን በከብት ሽንት መተካት ይቻላል። የሳሙና እጣቢ፣ በረኪና፣ መድኃኒት የተወጋ ከብት እበት ግን አይግባ፤ ጋዙን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

መጀመሪያ የሚመጣው ጋዝ አይነድም፤ አብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። በቆላ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ በደጋ ከዚያም በላይ ይጠብቁ። ግፊት መለኪያው ከፍ ሲል ዋናውን ቫልቭ ከፍተው ሁለት ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ ያስተንፍሱት። በዚያ ሰዓት እሳትም ሲጋራም በአካባቢው አይኑር። ሙከራው በምድጃው ላይ ብቻ ይሁን፤ ማብላያው አናት ላይ ባለው ቱቦ ክብሪት መጫር ጉልላቱን ሊያፈነዳ ይችላል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው፦ 1 ኪሎ እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ይሰጣል፤ 40 ኪሎው 1,600 ሊትር። አንድ ምድጃ በሰዓት ወደ 400 ሊትር ስለሚበላ አራት ሰዓት ያህል ይነዳል። ደጋ ላይ በብርድ ወራት ይቀንሳል፤ ጉልላቱን 40 ሴንቲ ሜትር አፈር ማልበስ ሙቀቱን ይይዛል፣ የጋዙንም ግፊት ይቋቋማል። ወጥ፣ ቡና፣ ወተት በደንብ ይሠራበታል። እንጀራ ግን ሌላ ነገር ነው፦ የተለመደው ምድጃ እሳት መሃል ላይ ስለሚሰበሰብ የሰፊ ምጣድ ዳር አይበስልም። ለእንጀራ ማገዶ ቆጣቢውን «ምርጥ» ምድጃ አይጣሉ።

ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫ ከሆነ የአየር ማስገቢያውን ከፈት፣ ከምድጃው አፍ እየተነሳ ከጠፋ ጠበብ ያድርጉት። መለኪያው ከፍ ብሎ እሳቱ ከተንቀጠቀጠ ቱቦው ውስጥ ውሃ አለ፤ ዝቅተኛው ቦታ ያለውን ማስወገጃ ከፍተው ያፍስሱ። መለኪያው ሌሊቱን ሙሉ ቫልቭ ተዘግቶ ካልወጣ መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። የተበላሸ እንቁላል ሽታ ቤት ውስጥ ከመጣ ፍሳሽ አለና መስኮት ከፍተው ይውጡ፣ መብራትም አይንኩ።

ከማብላያው ተብላልቶ የሚወጣው ቀጭን እበት (ስለሪ) ጉድጓድ ውስጥ ከገለባ ጋር ይደራረብ፣ ጥላም ይሠራለት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ናይትሮጅኑ ይተናል። በደንብ የተብላላ ስለሪ እምብዛም አይሸትም፣ ዝንብም አይሰበስብም። የእበት ሽታውን እንደያዘ ከወጣ ማብላያው ከአቅሙ በላይ እየጎረሰ ነው፤ ለሳምንት ያህል ግማሹን ብቻ ያጉርሱት።