የሰብዉፈር ቅርጽና የመኪና ቤዝ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሔው

ክቡን ሰብዉፈር (ጥልቁን ድምፅ፣ ቤዙን ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) አውጥቶ አራት ማዕዘን ያስገባ፣ ወይም ወፍራሙን ከወንበር ሥር በሚገባ ስስ የተካ ሰው ቤዙ ሲበላሽበት መጀመሪያ የሚወቅሰው የስፒከሩን ቅርጽ ነው። የ40 ኸርዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመት 8.6 ሜትር ያህል፣ የ80 ኸርዙ ደግሞ 4.3 ሜትር ነው። ይህን ያህል ለሚረዝም ሞገድ 30 ሳንቲ ሜትር ኮን (ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንቀሳቀሰው የስፒከሩ ፊት) ክብ ሆነ ካሬ ለውጥ የለውም፤ ጆሮም አይለየውም። ቅርጹ ድምፁን የሚነካው በተዘዋዋሪ ነው። ኮኑ የሚገፋውን አየር፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መሄድ የሚችልበትን ርቀት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚፈልገውን ሳጥን ይቀይራል። ስለዚህ ስፒከሩን ከመቀየራችሁ በፊት ሳጥኑን ለኩ።

መጀመሪያ አንድ ነገር አዘጋጁ፦ የ30፣ 40፣ 50፣ 60 እና 80 ኸርዝ ነጠላ ቶኖች (በአንድ ፍሪኩዌንሲ ብቻ የሚጮኹ የሙከራ ድምፆች)። በቴፑ ላይ ላውድነስንና ኢኳላይዘሩን ዜሮ አድርጉ፤ በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን ቤዝ ቡስት (ቤዝ ማጉያ) አጥፉ። ቡስቱ 12 ዴሲቤል ከተከፈተ በዚያ ፍሪኩዌንሲ ላይ 16 እጥፍ ዋት ይጠይቃል፤ ብዙ "ቅርጹ አልተስማማኝም" የሚባል ችግር እዚችው ቁልፍ ላይ ያልቃል። ከዚያ ቶኖቹን በመካከለኛ ድምፅ አጫውቱና የትኛው እንደሚጮህ፣ የትኛው እንደሚጠፋ፣ የትኛው ላይ እንግዳ ድምፅ እንደሚሰማ ጻፉ። በሙዚቃ ብቻ መፈተሽ ያሳስታል፤ እያንዳንዱ ዘፈን የራሱ የቤዝ ኖታ አለው።

ምልክት፦ ሁሉም ዘፈን ላይ አንድ ዓይነት "ድም ድም"፣ ቤዙ ኖታ አይለይም

በቶን ሲፈተሽ ብዙውን ጊዜ 50 ወይም 60 ኸርዝ ይጮኻል፣ 30 እና 40 ይደክማሉ። ሳጥኑ የተዘጋ (ፖርት፣ ማለትም የአየር መውጫ ቱቦ ወይም ስንጥቅ የሌለው) ከሆነ ለስፒከሩ ጠቦታል ማለት ነው።

ይህ በብዛት የሚታየው ክብ በአራት ማዕዘን ሲተካ ነው። ወርዳቸው እኩል ከሆነ አራት ማዕዘኑ ከክቡ እስከ 27 በመቶ የሚበልጥ ስፋት አለው (እንደ ኪከር ባሉ አምራቾች ስፒከሮች ላይ ማዕዘኖቹ ስለሚሞለሞሉ በተግባር ትንሽ ያንሳል)። በእኩል እንቅስቃሴ ወደ 2 ዴሲቤል ይጨምራል፤ ሰው የሚገዛውም ለዚህ ነው። ችግሩ ያለው ከኋላ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የታመቀው አየር ኮኑን እንደ ሞላ ይገፋዋል፤ የዚህ ሞላ ጥንካሬ የሚያድገው በኮኑ ስፋት ስኩዌር ልክ ነው። ስፋቱ በ1.27 ሲያድግ ያው ሳጥን 1.6 እጥፍ ያህል ይጠነክርበታል። ለክቡ ልክ የነበረ ሳጥን ለካሬው ጠባብ የሆነው ለዚህ ነው።

ልኩን ለማወቅ ከስፒከሩ ወረቀት ላይ ሁለት ቁጥር ውሰዱ፦ ኪውቲኤስ (Qts፣ የኮኑ እንቅስቃሴ ምን ያህል እንደሚገታ የሚያሳይ ቁጥር) እና ቪኤኤስ (Vas፣ የስፒከሩን መለጠጥ የሚያህል የአየር መጠን በሊትር)። ቪኤኤሱን ለሳጥኑ የተጣራ ሊትር አካፍሉ፣ 1 ደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጡ፣ በኪውቲኤሱ አባዙ። ውጤቱ 0.7 አካባቢ ከሆነ ቤዙ ሜዳ ነው፤ ከ1 ካለፈ አንድ ኖታ ላይ ይደበድባል። ለምሳሌ ኪውቲኤሱ 0.5፣ ቪኤኤሱ 40 ሊትር የሆነ ስፒከር በ40 ሊትር ሳጥን 0.71 ይሰጣል፤ በ20 ሊትር 0.87፤ በ14 ሊትር 0.98። መኪና ውስጥ እስከ 0.9 ድረስ ይቻላል፤ ከዚያ በላይ መሄድ አይመከርም።

መፍትሔው ሦስት ደረጃ አለው። አንደኛ፣ በሳጥኑ ውስጥ ፖሊስተር ጥጥ ሙሉ፤ በአንድ ሊትር ከ8 እስከ 16 ግራም፣ ሳይጨመቅ፣ ተበትኖ። ሳጥኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሰፋ ያህል ይሆናል። ይህ ካልበቃ ሳጥኑ እንደ አዲስ ይሠራ። ጊዜያዊ ማስታገሻ የሚሆነው ደግሞ በኢኳላይዘር የሚጮኸውን ኖታ ብቻ ከ3 እስከ 4 ዴሲቤል መቀነስ ነው።

ሊትር ሲለካ ስህተት የሚበዛው ጀርባው በተጋደመ ሳጥን ላይ ነው። የላይኛውን ጥልቀት ከታችኛው ደምሩና ለሁለት አካፍሉ፣ ከዚያ በቁመትና በወርድ አባዙ፤ ሁሉም የውስጥ ልክ ይሁን። የውስጥ ወርዱ 76፣ ቁመቱ 34፣ ጥልቀቱ ላይ 22 ታች 34 ሳንቲ ሜትር ከሆነ አማካይ ጥልቀቱ 28 ነው፤ 76 × 34 × 28 = 72,352፣ ማለትም 72.4 ሊትር። ከዚህ ላይ ማግኔቱና ቅርጫቱ (ኮኑን የሚሸከመው የስፒከሩ አካል) የሚይዙት (በአንድ ስፒከር ከ2 እስከ 4 ሊትር)፣ የውስጥ ድጋፍ እንጨቱና ፖርት ካለ ራሱ ፖርቱ ይቀነሳል። ውጪውን ለክቶ 18 ሚሊ ሜትሩን የኤምዲኤፍ (የታመቀ እንጨት) ውፍረት የረሳ ሰው ከ10 ሊትር በላይ ይሳሳታል።

ሳጥኑ ኩብ ይሁን የተጋደመ ይሁን ረጅም፣ ሊትሩ እኩል እስከሆነ ድረስ ቤዙ ላይ ለውጥ የለም ማለት ይቻላል። 60 ሳንቲ ሜትር ውስጠኛ ርዝመት የሚያስተጋባው 286 ኸርዝ ላይ ነው፤ ሰብዉፈሩ እዚያ አይደርስም። ጥንቃቄ የሚሻው ከ1 ሜትር በላይ የሚረዝም ጠባብ ሳጥን ነው፤ 1.2 ሜትር ሲሆን ማስተጋባቱ ወደ 143 ኸርዝ ይወርዳል። ሎው ፓሱ (ከተወሰነ ኸርዝ በላይ ያለውን ድምፅ የሚያግደው ማጣሪያ) ከፍ ብሎ ከተከፈተ ይሰማል።

ምልክት፦ ፖርቱ "ፉ… ፉ…" ይላል

ፖርቱ ጠቧል። በቀዳዳው ውስጥ የሚሮጠው አየር በሰከንድ ከ17 ሜትር በላይ ሲፈጥን መተንፈስ ይጀምራል። ፍጥነቱ የሚብሰው ፖርቱ በተስተካከለበት ፍሪኩዌንሲ ላይ ስለሆነ በ35 ወይም 40 ኸርዝ ቶን ጎልቶ ይሰማል።

እዚህ ላይ የሚሠራው ጥፋት ፖርቱን ቆርጦ ማሳጠር ወይም ርዝመቱን ሳይቀይሩ ቀዳዳውን ማስፋት ነው። ሁለቱም ሳጥኑን ወደ ላይ ያስተካክሉታል፤ ትንፋሹ ይቀንስ ይሆናል፣ ጥልቁ ቤዝ ግን ይጠፋል። ሲሰፋ መርዘም አለበት። ርዝመቱ በሳንቲ ሜትር እንዲህ ይወጣል፦ 23,562 × የቀዳዳው ወርድ ስኩዌር ÷ (ፖርቱ እንዲስተካከልበት የምትፈልጉት ኸርዝ ስኩዌር × ሊትር)፤ ከውጤቱ ላይ 0.732 × ወርዱ ይቀነሳል። ለ50 ሊትር ሳጥንና ለ35 ኸርዝ፦

7.5 ሳንቲ ሜትር ቱቦ፣ 16 ሳንቲ ሜትር ርዝመት
10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ፣ 31 ሳንቲ ሜትር
15 ሳንቲ ሜትር ቱቦ፣ 76 ሳንቲ ሜትር

ሠንጠረዡ ራሱ ይናገራል፤ ጠባቡ ቱቦ ስለሚያጥር ይመረጣል፣ ከዚያ ይጮኻል። በሰከነ ድምፅ ለሚሰማ አንድ 10 ኢንች፣ 10 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ይበቃል። ኃይል ለሚበዛበት 12 ኢንች ግን ለእያንዳንዱ ሊትር 3 ካሬ ሳንቲ ሜትር ያህል የፖርት ስፋት አስቡ፤ 50 ሊትር ላይ 150 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ይህም 5 በ30 የሆነ ስንጥቅ ፖርት ነው፤ ርዝመቱ 63 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ እሱ ብቻውን 9.5 ሊትር ይይዛል። ሳጥኑ ሲነደፍ ከ50 ሊትሩ በተጨማሪ ይህ ቦታ ካልተያዘ ሁሉም ሒሳብ ይፈርሳል። ስንጥቁን እጅግ አታቅጥኑት፤ 2 በ75 በወረቀት ላይ ስፋቱ እኩል ቢሆንም አየሩ ከግድግዳው ጋር ይፋተግበታል። የፖርቱን አፍ ከውስጥም ከውጭም በራውተር (በእንጨት መፈልፈያ ማሽን) ማክበብ ትንፋሹን በደንብ ይቀንሳል። ከአፉ ፊት ለፊት ቢያንስ የቀዳዳውን ወርድ ያህል ክፍት ቦታ ይኑር፤ ከወንበር ጋር የተጣበቀ ፖርት ተዘግቷል ማለት ነው።

ምልክት፦ ሹፌሩ ጋ ቤዝ የለም፣ የኋላ ኮፈኑ ሲከፈት ግን ይመታል

ሳጥኑ ከኋላ ወንበር ጋር ተጠግቶ ፊቱን ወደ ኋላ አድርጎ ሲቀመጥ የሚመጣ ነው። ድምፁ ወደ ኋላ ሄዶ ከኮፈኑ ተመልሶ ሲመጣ በቀጥታ ከወጣው ጋር ይጠፋፋል። የሚጠፋውን ኖታ ለማወቅ 343ን ከኮኑ እስከ ኮፈኑ ባለው ርቀት አራት እጥፍ አካፍሉ። ርቀቱ 1.2 ሜትር ከሆነ 71 ኸርዝ ይጠፋል፤ የከበሮው ምት የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ሳጥኑን ወደ ኋላ ገፍታችሁ ርቀቱን 30 ሳንቲ ሜትር ብታደርጉት የሚጠፋው 286 ኸርዝ ይሆናል፤ ሰብዉፈሩን አይመለከተውም። ሳንቲም ሳያወጡ የሚሞከር ስለሆነ ከሁሉ አስቀድሙት።

ካልተለወጠ የሰብዉፈሩን ሁለት ሽቦ አገላብጡና እንደገና ስሙ፤ በተሻለው ተዉት። ሁለት ሰብዉፈር ካለ አንዱ በተቃራኒ ታስሮ ሊሆን ይችላል። ከአምፕሊፋየሩ ነቅላችሁ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ፖዘቲቩን ከፖዘቲቭ አገናኙ፤ ሁለቱም ኮኖች ወደ ውጭ መውጣት አለባቸው። አንዱ ወደ ውስጥ ከገባ ጥፋቱ እሱ ነው።

ምልክት፦ ስሱ ሰብዉፈር በጥልቅ ኖታ "ጧ!" ይላል

ኮይሉ (ኮኑን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) ከመጨረሻው ጋር እየተጋጨ ነው። አጥፉት። ስስ ሰብዉፈር የሚቀጥነው የኮይሉና የማግኔቱ ቁመት ተቀንሶ ስለሆነ የሚንቀሳቀስበት ርቀት አጭር ነው። በእኩል ጩኸት ከ60 ወደ 30 ኸርዝ ለመውረድ ደግሞ ኮኑ አራት እጥፍ መንቀሳቀስ አለበት። ፖርት ባለው ሳጥን ይብሳል፤ ከፖርቱ ፍሪኩዌንሲ በታች ሳጥኑ ኮኑን ጨርሶ ስለማይዘው የትኛውም ቅርጽ ያለው ስፒከር ይወረወራል።

ሰብሶኒክ ፊልተሩን (ከተወሰነ ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚያግደውን ማጣሪያ) በተዘጋ ሳጥን 30 ኸርዝ ላይ፣ ባለ ፖርት ከሆነ ከፖርቱ 5 ኸርዝ ያህል ዝቅ አድርጋችሁ ክፈቱ። ከዚያ ጌይኑን (በአምፕሊፋየሩ ላይ ያለውን የመግቢያ ማስተካከያ ቁልፍ) በሒሳብ አስተካክሉ፤ ጌይን የድምፅ ማስጮኺያ አይደለም። ዋቱን በኦሙ አባዝታችሁ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 300 ዋት በ2 ኦም 24.5 ቮልት ነው። ሰብዉፈሩን ንቀሉ፣ የ50 ኸርዝ ቶን አጫውቱ፣ ቴፑን ከሙሉ ድምፁ ሦስት አራተኛ ላይ አድርሱ፣ መልቲሜትሩን በኤሲ ቮልት አድርጋችሁ ጌይኑን ከዜሮ ጀምሮ 24.5 እስኪያሳይ ድረስ ብቻ አዙሩ። ጥልቅ ቤዝ የግድ ከሆነና ከወንበር ሥር ሌላ ቦታ ከሌለ ሁለት ስስ አድርጉ፤ ሥራውን ስለሚካፈሉ እያንዳንዱ በግማሽ ይንቀሳቀሳል። የማግኔቱ ጀርባ ቀዳዳ ካለው ከሳጥኑ ግድግዳ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፤ ያ ቀዳዳ ሲታፈን ኮይሉ ይግላል።

ምልክት፦ ከስፒከሩ ጠርዝ "ፍስስ"

አየር ያፈስሳል። አራት ማዕዘን ስፒከር ላይ በአብዛኛው የሚያፈስሰው ማዕዘኑ ጋ ነው፤ ብሎኖቹ ጎኑ ላይ ብቻ ከሆኑ ጠርዙ ማዕዘን ላይ ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል፣ የቀዳዳውም ቆረጣ እንደ ክቡ በቀላሉ አይስተካከልም። የ40 ኸርዝ ቶን እያጫወታችሁ ስስ የሶፍት ወረቀት ቁራጭ በጠርዙ ዙሪያ፣ በሽቦ መውጫውና በመጋጠሚያዎቹ ላይ አዙሩ፤ በተርገበገበበት ቦታ ቀዳዳ አለ። የሳጥኑ መጋጠሚያ ከሆነ ከውስጥ ኮላ ወይም ሲልከን ይበቃዋል። ሲልከኑ አንድ ቀን ሙሉ ሳይደርቅ ስፒከሩን አትመልሱ፤ ብዙዎቹ ሲደርቁ የሚለቁት የሆምጣጤ ሽታ ያለው እንፋሎት ብረቱን ይበላል። ጠርዙ ከሆነ ብሎኖቹን ፈትታችሁ በሥሩ የስፖንጅ ጋስኬት አንጥፉ፣ ከዚያ ትይዩ ትይዩውን በየተራ፣ በሁለት ዙር አጥብቁ። አንዱን ጎን ጨርሶ አጥብቆ ወደ ሌላው መሄድ ቅርጫቱን ያጣምመዋል፤ የተጣመመ ቅርጫት ኮይሉን ያፋትገዋል።

መፋተጉን ለመለየት ሙዚቃውን አጥፉና በሁለት እጅ፣ ከመሃሉ እኩል ርቀት ላይ፣ ኮኑን ቀስ ብላችሁ ግፉ። ልስልስ ካለ ደህና ነው። እንደ አሸዋ የሚከረክር ከሆነና ብሎኖቹ ሲላሉ ከተወው የተጣመመው ቅርጫቱ ነበር። ላልተውም ከከረከረ፣ የተቃጠለ ሽታም ካለው፣ ኮይሉ አልቋል።

ምልክት፦ ቤዙ ከኋላ እንደሚመጣ ይታወቃል

ሎው ፓሱን ወደ 80 ኸርዝ፣ ካልበቃም ወደ 70 አውርዱ። ታርጋና የኋላ መደርደሪያ ሲንቀጠቀጡም ጆሮ ወደዚያ ይሳባል፤ እያንዳንዱን በእጅ እየያዛችሁ አዳምጡና በስፖንጅ አጣብቁ።

ምልክት፦ ስፒከሩ ከተቀየረ ወዲህ አምፕሊፋየሩ ይጠፋል

አዲሱ ስፒከር ባለ ሁለት ኮይል ሊሆን ይችላል። 4 እና 4 ኦም ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም፣ በተከታታይ 8 ኦም ይሆናሉ፤ 2 እና 2 ደግሞ 1 ወይም 4። በመልቲሜትር ስትለኩ ከስሙ ትንሽ ያነሰ ይመጣል፤ ባለ 4 ኦሙ 3.2 ወይም 3.6 ቢያሳይ ጤነኛ ነው። አምፕሊፋየሩ ላይ ከተጻፈው ዝቅተኛ ኦም በታች ከታሰረ አስተሳሰሩን ቀይሩ። ኦሙ ልክ ሆኖም ከጠፋ ቤዙ በሚመታበት ቅጽበት በአምፕሊፋየሩ የኃይል መግቢያ ላይ ያለውን ዲሲ ቮልት ለኩ፤ ሞተሩ እየሠራ ከ12 በታች የሚወርድ ከሆነ ገመዱ ቀጥኗል ወይም የግራውንዱ ብሎን ቀለም ላይ ታስሯል። ቀለሙን እስከ ብረቱ ፋቁና እንደገና እሰሩት።